ጠገራ ብር ስትገዙ እንዳትሸወዱ

ማርቆስ ገበያ ላይ አንዱ ጠገራ ብር ይዞ መጥቶ «የአያቴ ነው፣ 1780 የሚል አለበት፣ ጥንታዊ ነው» ካላችሁ በቀኑ ብቻ እንዳትደነግጡ፣ መልኳ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በፈረንጅ 1780 ከሞተች በኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ነው የያዘው፣ ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ሳይቀሩ መትተውታል።

መጀመሪያ አንጥረኛ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑት። 28 ግራም አካባቢ ነው መሆን ያለበት፣ ያረጀ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ 24 ምናምን ከመጣ ግን በቃ ተዉት። ማግኔት ከያዘው ብር አይደለም፣ ካልያዘው ደግሞ ገና ምንም አላረጋገጣችሁም፣ መዳብም አይያዝም እኮ። ከዛ ጠርዙን እዩ፣ እኔ የተበላሁት እዚህ ጋ ነው፤ ፊቱን ሳደንቅ ጠርዙን ሳላይ ከፈልኩ፣ ቤት ገብቼ ሳገላብጠው ለካ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር አለው። ትክክለኛው ላይ ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደሎች አሉ፣ «ፍትሕና ምሕረት» እንደማለት ነው።

ውጭ ባለ ዘመድ በኩል የመጣ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ግሬድ የተሰጠው ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር ኤንጂሲ (NGC) ወይ ፒሲጂኤስ (PCGS) የሚባሉት ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ሳይት ላይ ፈልጉት፣ ግን ቁጥሩ ስለተገኘ ብቻ እሺ አትበሉ፣ እውነተኛ ቁጥር ኮፒ አድርገው ፎርጅድ ላይ ይለጥፋሉ። ሳይቱ ላይ ፎቶ ካለ ጭረቱን ከጭረቱ አስተያዩ። ፕላስቲኩ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ፣ የተፋቀ ወይ ማስቲሽ የነካው ከመሰለ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። በፎቶ ብቻ ቀብድ የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉት።