ከተማ ውስጥ የማትጠፋ፣ ዋና መንገድ ላይ የምትጠፋ አሮጌ ሞተር

ሞተሬ ድሬዳዋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትዞር አታስቸግርም። ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ ስመላለስ አንድም ቀን ጠፍታብኝ አታውቅም። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ጀምሬ ሩብ ሰዓት ሲሞላኝ ግን ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቆይቼ ስረግጣት ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ሦስት መካኒኮች አዩዋት፤ ሦስቱም «አቦ፣ ካርቡራተሩ ነው» ብለው አጥበው፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሸኙኝ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የዚያን ሰሞን ያህል ንጹህ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ ግን መጥፋቷን አልተወችም።

ከዚህ በታች ያለው ለእንደኔ ዓይነቷ ሞተር ነው፤ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ በካርቡራተር የምትሠራ፣ ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆነች። ኢንጀክሽን ያላት አዲስ ሞተር የያዘ ሰው ብዙም አይጠቀምበትም።

አጠፋፏን ልብ በሉ

ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት እንዴት እንደጠፋች አስታውሱ። መጀመሪያ ጉልበት ካጠራት፣ ከተንተፋተፈች፣ ነዳጅ ስትሰጧት ብሶባት ስትቀንሱላት ትንሽ ካንሰራራች ቤንዚን እያነሳት ነው። መብራት እንደሚሄድ ድርግም ካለች ግን ኤሌክትሪክ ነው። እየከበደች፣ ከኋላ ሰው እንደሚጎትታት ሆና ከቆመች ደግሞ ጉዳቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ይህን የመጨረሻውን ስትሰሙ ምንም ሳታስቡ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፤ ፒስተን ሲይዝ የኋላ ጎማ ይቆለፋል።

ከጠፋች በኋላ ቶሎ ከአስፋልቱ ውጡ። የደንገጎ ኩርባ ላይ ቆሞ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) የሚፈታን ሰው ጭነት የያዘ አይሱዙ የሚያየው ደርሶበት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ ወዲያው መርገጥ እንጀምራለን። አትርገጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ካንዴላውን በጨርቅ ይዛችሁ ፍቱና ጫፉን እዩ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ አለ፣ እሳቱ ነው የጠፋው። ስትረግጡ ከቆያችሁ ሁለቱም ይቀላቀላል፣ ማስረጃው ይጠፋል።

እየተንተፋተፈች ጠፍታ፣ አርፋ የምትነሳ

የኔዋ ይህች ነበረች። ቤንዚን ከሰልባትዮው (ከቤንዚን ታንኩ) ወደ ካርቡራተር የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ፓምፕ የለም። የወረደውን ያህል አየር በክዳኑ ቀዳዳ ካልገባ ውስጡ ይታፈናል፤ ቤንዚኑም እየቀጠነ ሄዶ ይቆማል። ጣሳ በአንድ ወገን ብቻ ሲበሳ ዘይቱ እንደማይወርደው ማለት ነው።

ታዲያ ከተማ ውስጥ ለምን አትጠፋም? ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ 125 ሲሲ ሞተር በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብንል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትበር 2 ሊትር ትፈልጋለች፤ በደቂቃ 33 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ይጨምራል። መጋላ መሀል ስንቅለሰለስ የምትወስደው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ በየሱቁ ስንቆምም አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል። የካርቡራተሩ ገንዳ የሚይዘው ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስለሆነ ዋና መንገድ ላይ ከላይ የሚመጣው ካነሰ ቶሎ ይደርቃል።

መመርመሪያው ነጻ ነው። ልክ እንደጠፋች ክዳኑን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና ጥቂት ቆይታችሁ ስትረግጧት ከተነሳች አገኛችሁት።

የኔ ክዳን ሲከፈት እንዲያውም ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር። ገልብጬ ሳየው አራት እጥፍ የሆነ ጥቁር ፌስታል ተወትፎበታል። ማን አደረገው? እኔው ነኛ። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ አልቆ ፍሬን ስይዝ ቤንዚን ሱሪዬ ላይ ስለሚረጭ ከወራት በፊት ጠቅጥቄበት ረስቼዋለሁ። መካኒኮቹም ስላልነገርኳቸው አልፈረድኩባቸውም፤ ቢሆንም ከሦስቱ አንዱ እንኳ ክዳኑን አለመክፈቱ ይገርመኛል። ፌስታሉን አውጥቼ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ክብ ጎማ ቆርጬ አስገባሁ፣ የአየር ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጠራረግኩ፤ በዚያው አለቀ። የጎማው ክብ መሀሉ ክፍት ይሁን፤ ቀዳዳዋን ከሸፈነ ከፌስታሉ አይሻልም። ከመነዳሪው ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ያብጣልና ዋናውን እስክታገኙ ነው። ክዳኑን ላላ አድርጎ መንዳት የሚመክሩ አሉ፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ ነውና እኔ አልመክርም።

ክዳኑ ንጹህ ከሆነ ፍሰቱን ለኩ። ሞተሯ ቀዝቅዛ፣ ሲጋራም የከሰል ምድጃም በሌለበት፣ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አስገቡና ለአንድ ደቂቃ ክፈቱት። የሃይላንዱን ሲሶ ያህል ሳይቀጥን ከሞላ ይበቃል፤ ከምትፈልገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክር እያከለ ከመጣ ክዳኑን ከፍታችሁ ድገሙት። ያኔም ካልተሻሻለ የነዳጅ መዝጊያው ላይ ያለችው ወንፊት በዝገት ተደፍናለች። መዝጊያውን አውርዱና ወንፊቷን እጠቡ፤ ሰልባትዮው ውስጥ እፍኝ ብሎን ከትንሽ ቤንዚን ጋር ጨምራችሁ እየናጣችሁ አጠራርጉት። ብሎኖቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ፊልትሮ ከጨመራችሁ የሞተር ይሁን። በፓምፕ ለሚገፋ መኪና የተሠራው በክብደቱ ብቻ የሚወርደውን ቤንዚን ሊያንቀው ይችላል።

ነዳጅ በጠፋ ሰሞን መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ከቀዳችሁ ደግሞ የካርቡራተሩን ገንዳ ብሎን ከፍታችሁ ብርጭቆ ላይ አንጠባጥቡ። ውሃ ካለ ከሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል፤ ሰልባትዮውን ራሱን ማራገፍ ያስፈልጋል። ትልቁን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ነሐስ) ንፉት እንጂ በብረት ሽቦ አትጎርጉሩት፤ ነሐሱ ይሰፋና ሌላ በሽታ ትገዛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁልቁል ስትወርድ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የቤንዚኑን መጠን እዩ። በብዙ ሞተሮች መዝጊያው ያለው ከሰልባትዮው በስተኋላ ነው፤ ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርዱ ትንሹ ቤንዚን ወደ ፊት ይሸሻል። ወደ ሪዘርቭ አዙሩት።

ድርግም ብላ የምትጠፋ

አሳሳቹ ነገር የሞቀ ቦቢናም (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ጥቅልል) ልክ እንደታፈነ ክዳን መሆኑ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ትነሳለች። ልዩነቱ ክዳን መክፈት ምንም አይለውጠውም፣ ካንዴላውም ርጥብ ነው።

ትርፍ ካንዴላ ያዙ። የካንዴላው ሽቦ ጫፍ ባለው ቆብ ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን ከሲሊንደሩ ጋር አስነክታችሁ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቃችሁ ጥላ ውስጥ እርገጧት። ጠጠር ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ደህና ነው። ቢጫና ሰነፍ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ ከርካሹ ጀምሩ። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኞቹ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቆቡን ፈትታችሁ የሽቦውን ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መልሳችሁ እሰሩት፤ ቆቡን በቴስተር ስትለኩት ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ይቀየር። ከዚያ ማጥፊያውን ከሽቦው ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ከላብና ከአቧራ ብዛት ውስጡ ይገናኛል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጧት ቆማ እየሠራች) እያለች መሪውን ግራና ቀኝ ብታዞሩት ከጠፋች አንገቷ ላይ የተላጠ ሽቦ አለ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ቦቢና ወይም ሲዲአይ (እሳቱን በሰዓቱ የሚለቀው ሳጥን) ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ተመሳሳይ ሞተር ካለው ሰው ለግማሽ ቀን ተዋሱ፤ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሸጠ ሰው መልሶ አይቀበልም። በሲዲአይ ፋንታ ፑንቲና (እሳቱን የሚቆራርጥ መገናኛ) ባላቸው የጥንቶቹ ላይ ግን ከቦቢናው በፊት ኮንዴንሰሩን ጠርጥሩ።

«ከፍታው ነው» ለሚሏችሁ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከዳገቱ በላይ ያለችው ሐረማያ 2,000 ገደማ። አየሩ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ገደማ ይሳሳል፤ የላይኛው ብርድ ደግሞ ትንሹን ይመልሳል። ቤንዚን ይበዛባታል፣ ትሰንፋለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጤነኛ ሞተር ግን በዚህ አትጠፋም። ከተጠራጠራችሁ በሽንሌ በኩል ሜዳውን ሩብ ሰዓት ሙሉ ፍጥነት ንዱ። እዚያም ከጠፋች ከፍታው ነጻ ወጣ። ዳገቱ ላይ ብቻ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩት፤ የኛ አገር አቧራ በጥቂት ወር ይደፍነዋል።

ከብዳ የቆመች

በፍሪሲዮን አውጥታችሁ ካቆማችኋት ዘይቷን እዩ። ቤንዚንና ዘይት ቀላቅላ የምትሠራ ከሆነች ዘይቱ መድረሱን ሳታረጋግጡ አትርገጧት። ስትቀዘቅዝ እግራችሁ ሥር እየፋቀ የሚዞር ነገር ከተሰማችሁ ፒስተኑ ተቧጥጧል። ድምፅ ከሌላት፣ ግን ጠዋት ለመነሳት ከለገመች፣ የቫልቭ ክፍተቱ ጠቦ ሲሞቅ ቫልቩ አልዘጋ እያለ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቀዝቅዛ በፊለር (በስስ የብረት መለኪያ) የሚለካ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የተቧጠጠውን ግን መንገድ ዳር የሚያድነው የለም። ባዶውን ወደ ድሬ የሚመለስ አይሱዙ ለምኖ፣ ከኋላው ጭኖና አስሮ መውረድ ነው።