ፎልት (መሬት የሚቀደድበት ስንጥቅ) አጠገብ ያለ የኮንክሪት ግድብ ስትሰሩ የምትሳሳቱት ነገር

እዚህ ጎንደር ሲቪል የሚማሩ ልጆች ቴሲስ ሲያሳዩኝ በየአመቱ ያው ስህተት ስለሚመጣ ልጻፈው። አንገረብን ተዉት፣ እሱ የአፈር ግድብ ነው፣ ጸባዩ ሌላ ነው። የማወራው እንደ ተከዜ ስላለ የኮንክሪት ግድብ ነው።

ዋናው ስህተት ሪከርድ ማባዛት ነው። ከፎልቱ በጣም ርቆ የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ከኢንተርኔት ያወርዱና በ3 አባዝተው ፒክ አክስለሬሽኑን (የመሬቱን ፍጥነት ለውጥ ጣሪያ) ከፍ ካደረጉ በኋላ ኒር ፎልት (ፎልት አጠገብ) ብለው ይጽፉበታል። ኧረ በናታችሁ ተዉ! ፎልቱ ሲቀደድ ቅዳዱ ወደ ሳይቱ አቅጣጫ ከሄደ ፍጥነቱ ከሼር ሞገዱ (መሬቱን ወደ ጎን ከሚያናውጠው) ብዙም ስለማያንስ ጉልበቱ ተጠራቅሞ ባንዴ ይደርሳል፣ ቬሎሲቲው (የመሬቱ ፍጥነት) ላይ አንድ ረዥም ፐልስ (አንድ ትልቅ ግፊት) ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ይሄን ደሞ በማባዛት አታመጡትም። በ1971 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የካሊፎርኒያው ሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ ላይ ፓኮይማ ግድብ አጠገብ 1.25 ጂ (የመሬት ስበት 1.25 እጥፍ) ተመዘገበ፣ መሳሪያው ግን የነበረው ከግድቡ ጎን ሸንተረሩ ላይ ነው፣ የመሬቱ ቅርጽም ቁጥሩን አጉልቶታል። በ1999 የታይዋኑ ቺቺ መንቀጥቀጥ ላይ ደሞ አክስለሬሽኑ የዛን ግማሽ እንኳን ሳይሞላ ቬሎሲቲው በሰከንድ ከ2 ሜትር ያለፈ ጣቢያ አለ። ስለዚ ፒክ አክስለሬሽን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባሉትም ይሳሳታሉ። 100 ሜትር የሚሆን ግራቪቲ ግድብ (በራሱ ክብደት የሚቆም) ፔሬዱ (አንዴ ለመወዛወዝ የሚፈጅበት ጊዜ) ከግማሽ ሰከንድ በታች ነው፣ ፐልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ሰከንድ በላይ ነው፣ ሊኒየር ሞዴሉን (ኮንክሪቱ አይሰነጠቅም ብሎ የሚያሰላውን) ያስኬዱና ስትረሱ (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ጫና) ብዙም አልጨመረም፣ ፎልት ቅርብ መሆኑ ለውጥ የለውም ብለው ይደመድማሉ። ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላስ? ከስንጥቁ በላይ ያለው ብሎክ መወዛወዝና መንሸራተት ሲጀምር ያ ረዥም ፐልስ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍቶ ይወስደዋል። ይሄ የሚታየው ኖንሊኒየር (ስንጥቁን ጨምሮ የሚያሰላ) ስትሰሩ ነው።

ስንጥቁን ስር ብቻ አትፈልጉ። የህንዱ ኮይና ግድብ 103 ሜትር ነው፣ በታህሳስ 1967 (በፈረንጅ) ሲናወጥ የተሰነጠቀው ላይኛው ክፍል፣ የጀርባው ተዳፋት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ነው። ሜሻችሁን (ሞዴሉን የከፋፈላችሁበትን መረብ) እዛ ጋ አጥብቡት።

ቨርቲካሉን (ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን መንቀጥቀጥ) የሆሪዞንታሉ (የጎኑ) ሁለት ሶስተኛ አድርጎ ማለፍም ፎልት አጠገብ አይሰራም፣ በአጭር ፔሬድ ሆሪዞንታሉን ሊበልጠው ይችላል፣ ግድቡ ደሞ ያለው እዛው አጭሩ ፔሬድ ላይ ነው።

የዌስተርጋርድ አደድ ማስ (የውሃውን ግፊት ግድቡ ላይ እንደተጨመረ ክብደት የሚቆጥር ዘዴ) የ1933 ነው፣ ግትር ግድብና የማይጨመቅ ውሃ ብሎ የተነሳ ስለሆነ ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል፣ ለአርች (ቅስት ግድብ) ግን አትመኑት።

አርች ስትሰሩ ደሞ ጆይንቶቹን (መጋጠሚያዎቹን) አትርሱ። ፓኮይማ በ1994 ኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ላይ በግራ በኩል ቅስቱና መደገፊያው ብሎክ የሚገናኙበት ጆይንት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሁሉንም አንድ ወጥ አካል አድርጋችሁ ከሞደላችሁት ይሄን አታገኙትም፣ በምትኩ ኮንክሪት የማይችለው ቴንሽን (የመሳብ ጫና) ይወጣላችኋል።

ፎልቱ በግድቡ ስር የሚያልፍ ከሆነ ግን የመንቀጥቀጥ ስሌት ብቻውን አያድንም። ቺቺ ላይ ሺካንግ ግድብ ስር መሬቱ ተቀዶ በሁለቱ ጎኖች መካከል ከ7 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ፈጠረ፣ በዛ በኩል ያሉት የስፒልዌይ (የትርፍ ውሃ መልቀቂያ) በሮች ወደሙ። ይሄን የሚችል የኮንክሪት ግድብ ስለሌለ የጂኦሎጂ ካርታውን ሞዴሉን ከመክፈታችሁ በፊት እዩ።

ሪከርድ የመረጣችሁ ካላችሁ ቬሎሲቲውን ፕሎት አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ አብረን እናየዋለን።