በከተማ ውስጥ ለሁሉም ክፍት የሆነ የአይሁዳውያን ማኅበር እንዴት ይመሠረታል

ከእስራኤል ወደ ዋሺንግተን አካባቢ በተዛወርኩበት የመጀመሪያ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንድ ትልቅ ምኩራብ ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ከፊቴ የነበሩትን ባልና ሚስት በሰንበት ሰላምታ «ሻባት ሻሎም» ብሎ ካሳለፈ በኋላ እኔን አስቁሞ ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ውስጥ ገብቼ ገና የጸሎት መጽሐፉን ሳልገልጥ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ቅን ወይዘሮ «እንዴት አይሁዳዊ ሆንክ?» አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ሆኖም አያቴ በጎንደር ገጠር ሰንበት ሳይገባ ምድጃቸውን ያጠፉ እንደነበር በጸሎት ሰዓት ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ያደክማል። ከዚያ ወዲህ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር የራሳችንን ትንሽ ማኅበር አቋቁመናል። ማኅበር ለሁሉም ክፍት መሆኑ የሚታወቀው በሩ፣ ማዕዱና ለጸሎት የሚያስፈልጉት ሰዎች ቆጠራ እንዴት እንደተደራጁ በማየት ስለሆነ፣ ምክሬም በእነዚሁ ላይ ያተኩራል።

ሥራው አዳራሽ በመከራየት ወይም ረቢ፣ ማለትም የሃይማኖት መምህር፣ በመቅጠር መጀመር የለበትም። ሰባት ወይም ስምንት ቤተሰቦች በየሁለት ሳምንቱ አርብ ማታ በአንዱ ቤት ተሰብስበው የሰንበትን ራት አብረው ቢበሉ በቂ ነው፤ ቤቱ ይቀያየር፣ ቀኑ ግን አይቀያየር፤ ሰው የሚለምደው ቀኑን ነውና። ሰዓቱ ራሱ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ይወስናል። በዋሺንግተን በዲሴምበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10፡46 ገደማ ሲሆን፣ የሰንበቱ ሻማ በተለምዶ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀድሞ ስለሚበራ፣ ከሥራ በባቡር የሚመለስ ሰው ለሻማው አይደርስም። በጁን መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 2፡37 ገደማ ስለምትቆይ ልጆች ራት ሳይበሉ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ስለዚህ እኛ በብርዱ ወራት ሻማውን እያንዳንዱ በቤቱ አብርቶ ለራት ምሽት 1 ሰዓት እንዲመጣ እናደርጋለን፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ሕጉ ሰንበትን ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበልን ስለሚፈቅድ ቀደም ብለን እንጀምራለን።

ረቢ የሌለው ማኅበር ጎደሎ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ነገር ግን በአይሁድ ሕግ ጸሎት ለመምራት ረቢ መሆን አያስፈልግም፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ማንኛውም ምእመን ሊመራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቦስተን አጠገብ «ኻቩራት ሻሎም»፣ በ1971 ደግሞ በዋሺንግተን «ፋብራንገን» የተባሉት ማኅበራት ሲመሠረቱ፣ ወጣቶቹ መሥራቾች ከትልልቆቹ ምኩራቦች ወጥተው ክብ ሠርተው ተቀምጠው ጸሎቱንም ትምህርቱንም በየተራ ይመሩ ነበር። ከእነርሱ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ተራው ነው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ከመራ በኋላ አራተኛውን ሌላ ሰው አሠልጥኖ እንዲያስረክብ ብታደርጉ፣ ማኅበሩ በአንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ዙሪያ ከመታሰር ይድናል።

ከባዱ ጉዳይ ቆጠራው ነው። ሐዘንተኞች የሚደግሙትን ካዲሽን ለመሰሉ ጸሎቶችና ኦሪትን በጉባኤ ለማንበብ ሚንያን፣ ማለትም አሥር ለአካለ መጠን የደረሱ አይሁዳውያን ያስፈልጋሉ፤ አሥሩ እነማን ናቸው የሚለው ግን በየወገኑ ይለያያል። ጥብቅ የሆኑት ኦርቶዶክስ አይሁዳውያን ወንዶችን ብቻ ይቆጥራሉ፤ የመካከለኛዎቹ፣ የኮንሰርቫቲቭ አይሁዳውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ሴቶችም እንዲቆጠሩ ፈቀዱ፤ ለዘብተኛ በሆኑት በሪፎርሞች ዘንድ በወንድና በሴት መካከል ልዩነት የለም። እናቱ አይሁዳዊት ያልሆነች፣ አባቱ ግን አይሁዳዊ የሆነ ሰው ደግሞ በአይሁዳዊነት ካደገ ሪፎርሞች ከ1983 ጀምሮ ይቀበሉታል፣ ሌሎቹ ሁለቱ አይቀበሉትም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳሎን ውስጥ ሲገናኙ፣ ሁሉንም እኩል የሚያስደስት መልስ እንደሌለ አምኖ መነሳት ይሻላል። በኢየሩሳሌም የሚገኘው «ሺራ ኻዳሻ» የተባለው ጉባኤ ያገኘው መላ አሥር ወንዶችና አሥር ሴቶች እስኪሟሉ መጠበቅ ነው፤ ብልሃቱ ሸንጋይ ቢመስልም፣ ሴቶቹ ካልመጡ ወንዶቹም የማይጀምሩ በመሆናቸው የመምጣትን ኃላፊነት ለሁሉም ያካፍላል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የሚመለከተው ሰው በር ላይ ከመቆሙ አስቀድሞም ይወሰን። የሰው ፊት እያዩ ሕግ ማውጣት ያንን ሰው መፍረድ ይሆናል። እኛ የቤተ እስራኤል ልጆች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን፤ በወቅቱ የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁዳዊነታችንን አረጋግጠው ሳለ፣ ከዓመታት በኋላ ወላጆቻችን እስራኤል ገብተው ወደ አይሁድ ሃይማኖት እንደሚለወጥ ሰው በውኃ እንዲነከሩ በመጠየቃቸው በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት ተቃውሞ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በእኛ ማኅበር በማዕድ ላይ ማንም ሰው ስለ ዘሩ ወይም ስለ መለወጡ አይጠየቅም። ለኦሪት ንባብ ለመጠራት ማወቅ የግድ ከሆነ፣ ለዚህ የተመደበች አንዲት ሴት አለች፤ እርሷም በሥራ ቀን ደውላ ለብቻው ታነጋግረዋለች።

ወደ ምግቡ እንምጣ። በመጀመሪያው አርባችን ከእናቶቻችን አንዷ በነጠላ የጠቀለሉትን የዶሮ ወጥ ድስት ተሸክመው በአውቶቡስ መጡ። ወጡ በቅቤ የተሠራ ነበር። በረቢዎች ሕግ ዶሮ እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ከቅቤ ጋር አይበላም፤ ስለዚህ ገበታው ላይ ከነበርነው ገሚሱ እጃችንን ሰበሰብን፣ እማማም ድስቱን መልሰው ጠቀለሉት። ጥፋቱ አስቀድመን ያልነገርናቸው የእኛ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የተለመደውን የሁለት ገበታ አሠራር ያዝን። በአንደኛው ላይ የኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያለበት የተገዛ ምግብ ብቻ በራሱ ጭልፋና ሳህን ይቀርባል፤ በሁለተኛው ላይ ከየቤቱ የመጣ፣ ሥጋ የሌለው ምግብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሳህን ፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ «በዘይት»፣ «ቅቤ አለው»፣ «ለውዝ አለው» የሚል ካርድ ይቆማል። በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን እንዲህ ላለው ገበታ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ እማማም አሁን የሚያመጡት ምስር ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል። ከወይኑ ጎን የወይን ጭማቂ ሁልጊዜ ይኑር፤ የማይጠጣ ሰው ለምን እንደማይጠጣ እንዲያስረዳ አይገደድም።

እሳትም ያከራክራል። በኢትዮጵያ የነበሩ አባቶቻችን ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ ነበር፤ ረቢዎቹ ግን አስቀድሞ የበራ እሳት እንዳለ ቢቆይ ይፈቅዳሉ፣ ለዚህም ፕላታ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ። እኛ ፕላታውን ጥግ ላይ አድርገን ዳቦውንና ሰላጣውን በቀዝቃዛው ወገን እናቀርባለን፤ ሁለቱም ልማዶች በአንድ ክፍል ይታያሉ፣ ልጆችም ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የጸሎት መጽሐፉ ለብዙ ሰው የተዘጋ በር ነው። ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው «ሸማ ይስራኤል» («እስራኤል ሆይ፣ ስማ») የሚለውን ቢያንስ በሚያውቀው ፊደል ያግኘው፤ ለሽማግሌዎቻችን ዋና ዋናዎቹን ጸሎቶች በአማርኛ ፊደል በትልቁ አትመናል፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ መሪው ቀስ ብሎ ይላል፣ እነርሱም ይቀበሉታል። በሌላ በኩል ሁሉም ሰው ከሃኑካ ሻማ ጋር እንዳደገ መገመት ስህተት ነው፤ በቤተ እስራኤል የበዓላት ዝርዝር ውስጥ ሃኑካ አልነበረም። የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ያወጀው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ፣ በአይሁድ አቆጣጠር በኼሽቫን ወር 29ኛ ቀን፣ ከአስተሰርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን የሚከበረው፣ በማንኛውም የከተማ ማኅበር ሊከበር ይችላል፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ተጾሞ፣ ኦሪት ተነቦ፣ በመጨረሻ ዳቦ ይቆረሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ኢትዮጵያዊውን አይሁዳዊ በዓመት አንድ ቀን ነጭ ለብሶ ዳቦ እንዲያመጣ ብቻ መጥራት ስድብ ነው። በተራ ሳምንት ጸሎት የማይመራ ሰው በስግድ ቀን ከፊት ቢቆም ጌጥ ይሆናል።

ቁጥሩ ሲበዛና አዳራሽ ሲያስፈልግ የጥበቃ ጉዳይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች በሰንበት ጸሎት ላይ ከተገደሉ ወዲህ በሩን ያለ ጠባቂ መተው አይመከርም። መፍትሔው ከጠባቂው ጎን ሁለት አባላት በየተራ ቆመው የመጣውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል ሰላም ማለታቸው ነው። ጥያቄ ካለ ለሁሉም ይቅረብ፤ ለአንዱ የማይቀርብ ጥያቄ ለሌላውም አይቅረብ። የአዳራሹ መግቢያ ደረጃ ብቻ ከሆነ አትከራዩት፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው አለና።

ገንዘብን በሚመለከት እንደ እድር አድርጉ፦ ወርሃዊው መዋጮ ትንሽ ይሁን፣ ያልቻለ ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይንገር፣ በሰንበት ገንዘብ ስለማይነካ ክፍያው በሥራ ቀን ይሰብሰብ።

እድርን ካነሳሁ ዘንድ፣ አይሁዳውያንም «ኼቭራ ካዲሻ» የሚባል አስከሬን የሚያጥብ፣ የሚገንዝና ቀብሩን የሚያሰናዳ ማኅበር አላቸው። አዲስ ማኅበር ይህን ሥራ ብቻውን መሸከም ስለማይችል፣ በከተማው ካለው ጋር አስቀድሞ ይስማማ፤ የሰባቱን ቀን ሐዘን ምግብና በሐዘንተኛው ቤት ለካዲሽ የሚቆሙትን አሥር ሰዎች ግን ራሱ ያዘጋጅ። ከአባላቶቻችን መካከል የትዳር ጓደኞቻቸው አይሁዳውያን ያልሆኑ ስላሉ መቃብርም አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት፤ አንዳንድ የአይሁድ መካነ መቃብሮች ሁለቱን ጎን ለጎን አያስቀብሩምና። ይህን የጠየቅነው ሁሉም በጤና ሳሉ ነው። ሦስት ቦታ ደውለን ሦስት የተለያየ መልስ አገኘን፤ ሦስቱንም ጽፈን ከአባላቱ ስም ዝርዝር ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጠናል።