የቮልስ ሞተር በትንሽ ብር ማደስ፣ ለደጀን ዳገት እንዲሆን

ደብረ ማርቆስ ላይ ቮልስ ይዘህ ከታየህ መካሪ አታጣም፣ አንዱ "ሽጣትና ተገላገል" ይልሃል ሌላው "1600 ሲሲ ሞተር አስገባባት" ይልሃል፣ ብሩን ግን ማንም አይሰጥህም። የኔዋ 1300 ናት፣ ከአጎቴ የቀረችልኝ፣ ሞተሯን ሁለት ጊዜ አውርጃለሁ። ሁለተኛው የመጣው በራሴ ጥፋት ነው፣ እሱን ቆይ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደያዝክ እወቅ። ዲናሞው የተቀመጠበት እግር ሥር ካርተሩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተመታ ቁጥር አለ፣ በጨርቅና በቤንዚን ጥረገው፣ በዲ የሚጀምር ከሆነ 1200 ነው፣ በኤፍ ከሆነ 1300፣ በኤች ከሆነ 1500። ይሄን ሳያዩ ዕቃ ገዝተው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ለመመለስ የተመላለሱ ሰዎች አውቃለሁ። 1200ው ስትሮኩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት) 64 ሚሜ ነው፣ የሌሎቹ 69 ነው፣ ስለዚህ የ1600 ዕቃ አይሆነውም፣ አትድከም። 1300 ካለህ ግን እድለኛ ነህ፣ የፒስተኑ ስፋት 77 ሚሜ ነው፣ የ1600 ሲሊንደርና ፒስተን (85.5 ሚሜ) ከነቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን ጋር) ካገኘህ ከ1285 ሲሲ ወደ 1584 ትወጣለች። ቴስታታውን ሳትቀይር ሲሊንደር ብቻ እቀይራለሁ ብትል አይገጥምም።

አሁን ደግሞ አንድ ሳንቲም ሳታወጣ ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ የምታደርገው ነገር አለ። ሞተሩን አጥፋ፣ ከኋላ ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ራስህ ሳበው መልሰህ ግፋው። በእጅህ የማይታወቅ ከሆነ ደህና ነው። "ቋ" ብሎ ከመታ ግን ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ወዲያና ወዲህ ይጫወታል ማለት ነው፣ ትክክለኛው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሜ ነው፣ 0.15 ካለፈ በጊዜ አውርደው። የቮልስ ካርተር ማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ብሮንዚኑ (ክራንኩ የሚዞርበት ማረፊያ) የሚቀመጥበት ቦታ ይበላል፣ እሱ ከተበላ አዲስ ፒስተን መግዛት ብር መጣል ነው። እንዲህ ከሆነብህ ያገለገለ ደህና ካርተር መፈለጉ ብዙ ጊዜ ከቶርኖ ቤት ይረክሳል።

ኮምፕሬሽንም (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለካ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው፣ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት አየሩ ሳስቷል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ቢያንስ አትደንግጥ፣ የምታየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቭ ነው ወይ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)።

ማውረዱ ቀላል ነው፣ የቮልስ ደስታው እሱ ነው። ባትሪ ፍታ፣ የቤንዚን ጎማ፣ የጋዝ ገመድ፣ የዲናሞና የኮይል ሽቦ፣ የማሞቂያ ገመዶቹን፣ ከዛ አራት ባለ 17 ዳዶና ቡሎን። ክሪኩ ላይ ጣውላ አድርገህ ከሥር ደግፈው፣ ጓደኛህ ከኋላ ቀጥ አድርጎ ይሳበው፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ዘንግ እስኪለቅ ድረስ ወደ ታች እንዳይጫን ተጠንቀቅ፣ ፍሪሲዮኑን ታጣምማለህ። ከመቶ ኪሎ በላይ ነውና ብቻዬን እችላለሁ አትበል።

ስትፈታ የእንጀራ ሰፌድ በል ካርቶን በል ዘርግተህ እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው አስቀምጥ፣ የቁጥር 1 የቁጥር 2 እያልክ ጻፍበት፣ ሞባይልህ ፎቶ ያነሳል አይደል።

ብሩ የት ይግባ? እኔ የምለው ቴስታታው ላይ ነው። በሁለቱ ቫልቮች መሐልና በካንዴላው ቀዳዳ መሐል ስንጥቅ ካለ በባትሪ ብርሃን አጥብቀህ እይ። ቫልቩን ግማሽ አውጥተህ ወዝውዘው፣ ከተወላገደ ጋይዱ (ቫልቩ የሚመላለስበት ቱቦ) አልቋል። የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን ግን ደህና ቢመስሉም አራቱንም ቀይር፣ አንገቱ ላይ ተበጥሶ ፒስተኑን የሚበሳው እሱ ነው። ቫልቩን በመሞረጃ ቅባት አሽተህ ስትጨርስ ቴስታታውን ገልብጠህ ቤንዚን ሙላበት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ በቀዳዳው በኩል ካረጠበ ድገመው።

ክራንኩን ቶርኖ ቤት ወስደህ አስለካ። ልኩን ሳታውቅ ብሮንዚን አትግዛ። ካርተሩን ስትገጥም ጓርኒሲዮን የለውም፣ በስሱ ማሸጊያ ብቻ ነው። ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ማርሽ ላይ ያለችውን አንዷን ነጥብ ክራንኩ ማርሽ ላይ ካሉት ሁለት ነጥቦች መሐል አስገባ። ትልልቆቹን ዳዶዎች ከመሐል ጀምረህ በ34 ኒውተን ሜትር ትንንሾቹን በ20 አጥብቅ፣ ግን በየመሐሉ ክራንኩን በእጅህ አዙረው፣ ድንገት ከበደ? ቁም። አንዱ ብሮንዚን ከፒኑ ላይ አልተቀመጠም፣ ገፍተህ ካጠበቅከው ያበቃለታል።

ፍላይዊሉን የሚይዘው ባለ 36 ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፣ ይሄን የሚያነብ ቶርክ ሬንች ከየት ይምጣ። እኛ እንዲህ አደረግን፣ ፍላይዊሉን በብረት አሰርነው፣ ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስገባን፣ ከዳዶው መሐል 1 ሜትር ከ20 ለክተን ምልክት አደረግንና ቧንቧው አግድም እንደሆነ 25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት ሰቀልንበት። 25 በ1.2 ሠላሳ ነው፣ ሠላሳ ኪሎ በአንድ ሜትር ደግሞ 294 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ቧንቧው ቀስ እያለ ወርዶ ሲቆም ያን ጊዜ በቃው፣ እናቴ ግን ዱቄቷን ስትፈልግ ነበር።

ከዛ በፊት ታዲያ ሺሞቹን (ከፍላይዊሉ ጀርባ የሚገቡትን ስስ ቀለበቶች) እንዳትረሳ፣ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፣ ፑሊውን ስትስብ የሚኖረውን ልዩነት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ፒስተን ላይ ያለው ቀስት ወደ ፍላይዊል ይዙር። የፑሽሮድ ቱቦዎቹን ከመግጠምህ በፊት በእጅህ ጎተት አድርገህ 190 ሚሜ አድርሳቸው፣ ስፌታቸው ወደ ላይ፣ አለዚያ ዘይት ሲንጠባጠብ ይኖራል። የቴስታታው ዳዶ የሚገባበት ቡሎን ውፍረቱ 10 ሚሜ ከሆነ 32 ኒውተን ሜትር፣ 8 ሚሜ ከሆነ 25፣ በሁለት ዙር።

አሁን ወደ ጥፋቴ። መጀመሪያ ስገጥም ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ትንንሽ ላሜራዎች ዝገው ነበር፣ ጣልኳቸው። የሞተሩን ላሜራ ዙሪያ የሚዘጋው ጎማም ተበጣጥሶ ነበር፣ እሱንም ተውኩት፣ ምን ያደርጋል ብዬ። ከአዲስ አበባ ስመለስ አራት ሰው ጭኜ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ገና ግማሽ ሳልደርስ የቀለም ሽታ መጣ፣ ጉልበቷ ወረደ፣ ከዛ "ጧ" አለች። ቁጥር 3 ነው፣ በሾፌሩ በኩል ፊተኛው፣ ቫልቩ ተበጥሶ። ማርቆስ የገባሁት በአይሱዙ ተጭኜ ነው። ያ ጎማ ታች ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይሳብ የሚከለክል ነው፣ እነዛ ላሜራዎች ደግሞ ንፋሱ ሲሊንደሩን ሳይነካ እንዳያመልጥ። በድሮው ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው እዛው ቁጥር 3 ፊት ለፊት ስለቆመ የሱ ንፋስ ሞቆ ነው የሚደርሰው። በፈረንጆቹ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ለብቻው አወጣው፣ ያገለገለ ሙሉውን ካገኘህ እሱን አስገባ፣ ወደ 1600 ከማሳደግህ በፊት ማለቴ ነው። ላሜራውን ቀጥቅጦ የሚሠራ የብረት ሠራተኛ የትም አለ፣ አሮጌውን ለሞዴል ስጠው።

ሌላው ርካሽ ነገር ፊልትሮ ነው። ቮልስ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የላትም፣ በዘይት ፓምፑ ክዳን የሚገጠም አለ። ካልገጠምክ 2.5 ሊትር ዘይትህን ቶሎ ቶሎ ቀይር።

ካርቡራተሩ። እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ስትረግጣት ትንተፋተፋለች። ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ላይ ቁጥር አለ፣ 125 ማለት 1.25 ሚሜ ነው፣ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርግ፣ 120 በል። ከዚያ በላይ ግን አትውረድ፣ አባይ በረሃ ስትገባ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ እዛ አየሩ ይወፍራል ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ደግሞ ዳገቱን ሊወጣ ነው፣ ያኔ እንደገና ቁጥር 3ን ታቃጥላለህ።

ስትለኩስ መጀመሪያ ካንዴላ ሳታስገባ በስታርተር አዙራት የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። የቫልቩ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.10 ወይ 0.15 ሚሜ ነው፣ እንደ ሞዴሉ። ሲሊንደሮቹ የሚለኮሱበት ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ወደ አባይ አትውረድ፣ ወደ ደምበጫና ፍኖተ ሰላም ንዳት፣ ከዛ ዘይቱን ቀይረህ ቫልቩን እንደገና ለካ።

ቺንጋው በጣት ሲጫን 15 ሚሜ ገደማ ይግባ። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ወዲያው አጥፋ፣ ፋኑን የሚያዞረው እሱ ነው፣ "ትንሽ ልሂድ" የሚባል ነገር የለም።

ያኔ ደጀንን ሞክራት። እኔ በሁለተኛ ማርሽ ወጥቼ አናቱ ላይ ቆሜ የዘይት መለኪያዋን መዝዤ በጣቴ ያዝኳት፣ ሙቅ ነች ግን ትያዛለች፣ አምስት ቆጠርኩ። መለስኳትና ሉማሜ ድረስ ሳልቆም ሄድኩ።