ፎስፌቱስ የት አለ? የኑክሊዮሳይድ ኢንዛይም ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ የማስተርስ ተማሪዎችን ማገዝ ከጀመርኩ ቆየሁ። ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይዘው ይመጣሉ፣ ኑክሊዮሳይድ (ቤዝና ስኳር የተያያዙበት የዲኤንኤና የአርኤንኤ ቁራጭ) የሚሰብሩ ኢንዛይሞቻቸውን ሊያወዳድሩ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «ጋሼ፣ ሳልሞኔላዬ ዩሪዲን ፎስፎሪሌዝ የለውም።» አለው እንጂ! በፈሯን (ኢንዛይሙ የሚሠራበትን፣ አሲድነቱ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) አየሁት፤ ትሪስ ብቻ፣ ፎስፌት የለበትም።

እባካችሁ ስሙን አንብቡት። ፎስፎሪሌዝ ነው። ዩሪዲን የሚባለውን ኑክሊዮሳይድ የሚሰብረው በውሃ ሳይሆን በፎስፌት ነው፤ የሚወጣው ዩራሲልና ራይቦዝ-1-ፎስፌት ነው። ፎስፌት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁት ምንም አይሠራም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት! ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ሶፍት ላይ ሳልኩላት። ሌላው ደግሞ ሁሉንም በፎስፌት በፈር ብቻ ሠርቶ ይመጣል። ይሄም አይሆንም፤ ኢ ኮላይ በውሃ የሚሰብሩ ሦስት ሃይድሮሌዞችም ስላሉት የትኛውን እንደለካችሁ አታውቁም። ሁለት ቱቦ ያዙ፤ አንዱ ፎስፌት ያለው፣ ሌላው የሌለው። ከተሰባበረው ባክቴሪያ የምታወጡት ኤክስትራክት ራሱ ፎስፌት ይዞ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ ዳያሊሲስ አድርጉት፣ ማለትም ትንንሾቹ ሞለኪውሎች በስስ ሽፋን አልፈው እንዲወጡለት አድርጉ። አንድ ሌሊት ነው፣ ቻሉት።

ባክቴሪያውን ግሉኮስ ያለበት ሚዲያ (የማሳደጊያ ምግብ) ላይ አታሳድጉ። እኔ ራሴ በዚህ አንድ ወር አጥቻለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። የእነዚህ ኢንዛይሞች ጂኖች በደንብ እንዲሠሩ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል የሴል ውስጥ መልእክተኛ ሞለኪውል ይፈልጋሉ፤ ግሉኮስ ሲኖር ደግሞ እሱ ይቀንሳል። ባክቴሪያው ስኳር ጠግቦ ኑክሊዮሳይድ ምን ያደርግለታል? ግሊሰሮል ስጡትና ሳይቲዲን የሚባለውን ኑክሊዮሳይድ ጨምሩበት፣ ያኔ ዩሪዲን ፎስፎሪሌዙ ከፍ ሲል ታያላችሁ።

ሳይቲዲንን ወደ ዩሪዲን የሚቀይረውን ሳይቲዲን ዲአሚኔዝን በ282 ናኖሜትር ብርሃን ስትለኩ ኩቬታችሁ (የናሙና መያዣችሁ) ኳርትዝ ይሁን፤ ተራው ፕላስቲክ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል።

የሰውን ፕሮቶኮል ገልብጣችሁ ለባክቴሪያ አትጠቀሙ። የሰው ፒዩሪን ኑክሊዮሳይድ ፎስፎሪሌዝ ሦስት አሃዶች ያሉት ነው፤ ከኑክሊዮሳይዶች ኢኖሲንና ጓኖሲን ይወዳል፣ አዴኖሲንን ግን እምብዛም አይነካም። የኢ ኮላይ ስድስት አሃድ አለው፣ አዴኖሲንንም ይሰብራል። ግን ባልተጣራ ኤክስትራክት በአዴኖሲን ስትለኩት ተጠንቀቁ፣ አዴኖሲን ዲአሚኔዝ ቀድሞ ወደ ኢኖሲን ይቀይርባችኋል።