የኤንቢኤ ትሬድ ስትመዝኑ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ደሴ ላይ የኤንቢኤ (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ የሚገባው ሌሊት ነው፤ ክርክሩ ግን ጠዋት ቡና ላይ ነው። ትሬድ፣ ማለትም ቡድኖች ተጫዋች ሲቀያየሩ፣ የተሰማ ቀንማ አይጣል! የሚከራከሩኝን ልጆች እወዳቸዋለሁ፣ ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ነገሩን እንደ እግር ኳስ ዝውውር አትዩት። እዚህ ሒሳቡ በዋናነት ተጫዋች በተጫዋች ነው፣ ብዙ ጊዜ ደመወዛቸውም መቀራረብ አለበት። ስለዚህ "ያንን ቤንች አሟቂ ለምን ጨመሩት?" አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ደመወዙ እንዲሞላ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስም መቁጠር! "እነዚህ ሁለት ኮከብ አመጡ፣ እነዚያ ምንም አላገኙም፣ አለቀ" ይሉኛል። ወላሂ አላለቀም! ያ "ምንም" የተባለው እኮ የድራፍት ምርጫ ነው፤ በየዓመቱ ወደ ሊጉ ከሚገቡ አዲስ ልጆች በተራ የመምረጥ መብት። በ2013 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ብሩክሊን ኬቨን ጋርኔትንና ፖል ፒርስን ከቦስተን አመጣ። አንዱ 37፣ ሌላው 35 ዓመቱ። አረ ባቲ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን ሳያይ ብር አይቆጥርም! በምትኩ የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን አስረከበ፣ በ2017 ደግሞ ቦስተን ከፈለገ ተራ እንዲቀያየረው ፈቀደ። ፒርስ በዓመቱ ሄደ፣ ጋርኔትም አልቆየም። ብሩክሊን ሲወድቅ የሰጠው ምርጫ ወርቅ ሆነ፣ ምክንያቱም ወደ ፊት ተራ የሚገቡት የተሸነፉት ናቸው። ቦስተን በ2016 ጄለን ብራውንን ወሰደ። በ2017 የደረሰውን 1ኛ ተራ ለፊላደልፊያ ሰጥቶ በ3ኛው ጄሰን ቴተምን መረጠ፣ ተጨማሪ ምርጫም ተቀበለ። ሁለቱ በ2024 ዋንጫ አነሱ። አሁን ማን ነው ምንም ያላገኘው?

ቡድኑ ምን ፈልጎ እንደገባበትም እዩ። ቶሮንቶ በ2018 ካዋይ ሌናርድን ሲያመጣ በዓመቱ ጥሎት ሊሄድ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሄደም። ግን በ2019 ዋንጫውን አንስተው ነው። ይሄን "ኪሳራ" የሚል ሰው ጋር ቡና አልጠጣም።

በማግስቱ መፍረድም ይቅርባችሁ። ክሊፐርስ በ2019 ፖል ጆርጅን ሲያመጣ ስንቱ አጨበጨበ፤ ለኦክላሆማ የሰጡት ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በ2025 የሊጉ ኮከብም ሻምፒዮንም ሆነ። በርግጥ ጆርጅ ባይመጣ ካዋይም ክሊፐርስን አይመርጥም ነበር፣ ይሄም በሚዛኑ ይግባ።

ግን ደግሞ "ጊዜ ይፍረደው" ለሁሉም አይሠራም። ዳላስ በ2025 የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና አንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ብቻ ተቀበለ። በዚያ ዕድሜ ላለ እንደዚያ ዓይነት ልጅ አንድ ምርጫ! "ኩፐር ፍላግን አገኙ እኮ" የምትሉኝ፣ አብሽሩ፣ እሱ የመጣው በ2025 ድራፍት 1ኛ ተራ ነው፤ ተራው ደግሞ የወጣላቸው 1.8 በመቶ ዕድል በነበራቸው ሎተሪ ነው። የሎተሪን ዕጣ ለሥራ አስኪያጁ ብልጠት አትቁጠሩለት፤ እሱንም በዚያው ዓመት በኅዳር አባረውታል።