ጋላክሲው ነው ወይስ መሣሪያው? የንቁ ጋላክሲዎችን የብሩህነት ለውጥ ስንለካ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ንቁ የሚባሉት ጋላክሲዎች በእምብርታቸው ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል ወደ ራሱ የሚስበው ጋዝ እጅግ ስለሚግልና ፍሰቱም ወጥ ስላልሆነ ብሩህነታቸው ከፍና ዝቅ ይላል። ለውጡን ለመከታተል የግድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ 3ሲ 273 የተባለው ኩዌዘር (እጅግ ብሩህ የሆነ የሩቅ ንቁ ጋላክሲ እምብርት) ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ሳለ ብሩህነቱ 13 ማግኒቲዩድ (ቁጥሩ ሲያንስ ብሩህነቱ የሚጨምርበት የሥነ ፈለክ መለኪያ) አካባቢ በመሆኑ፣ የመስታወቱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕና በዲጂታል ካሜራ በደንብ ይለካል። አስቸጋሪው ሥራ በግራፉ ላይ የታየው መዋዠቅ የጋላክሲው ይሁን የአየሩ ወይም የመሣሪያው ለይቶ ማወቅ ነው።

ለዚህም በቅድሚያ፣ ከጋላክሲው ጋር በአንድ ምስል ውስጥ ከሚገኙት ኮከቦች ብሩህነታቸው የማይለዋወጥ ሁለት ይመረጣሉ፤ አንዱ ማነጻጸሪያ፣ ሌላው ምስክር ይሆናል። ጋላክሲውም ምስክሩም በዚያው በማነጻጸሪያው ይለካሉ። የምስክሩ ግራፍ ቀጥ ብሎ ካልሄደ የጋላክሲው ግራፍ ሊታመን አይገባም። በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር የሚያዘጋጃቸው ካርታዎች ለዚህ ምርጫ እጅግ ይጠቅማሉ።

ምስክሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ጋላክሲው ሲዋዥቅ

ብዙ ሰው ለውጥ አገኘሁ ብሎ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። እንደ ኤንጂሲ 4151 እና ኤንጂሲ 5548 ባሉ ቅርብ ጋላክሲዎች የምንለካው ብርሃን የእምብርቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተዘረጉት ኮከቦች ብርሃን የተቀላቀለበት ነው። አየሩ ሲናወጥ የኮከብ ምስል ይሰፋና የተወሰነው ብርሃን ከመለኪያው ክብ (ብርሃኑ የሚደመርበት በምስሉ ላይ የሚሠመር ክብ) ውጭ ይፈስሳል፤ ቀድሞውኑ የተዘረጋው የጋላክሲ አካል ግን በዚያው መጠን አይጎድልበትም።

በቁጥር እንየው። አየሩ ሲረጋ ካሜራው በክቡ ውስጥ ከማነጻጸሪያው 100,000፣ ከእምብርቱ 40,000፣ ከጋላክሲው አካል 60,000 የብርሃን ቁጥር በድምሩ ይመዘግባል እንበል። አየሩ ተናውጦ ማነጻጸሪያውና እምብርቱ 20 በመቶ ሲያጡ፣ የተዘረጋው አካል ግን 5 በመቶ ብቻ ቢያጣ፣ ማነጻጸሪያው 80,000፣ ጋላክሲው በድምሩ 89,000 ይሆናሉ። እኩል የነበሩት ሁለቱ አሁን የ0.12 ማግኒቲዩድ ልዩነት አሳዩ፤ እምብርቱ ግን ምንም አልተለወጠም። ምስክሩም ኮከብ በመሆኑ ከማነጻጸሪያው ጋር እኩል ስለሚያጣ ስህተቱን አያጋልጥም።

ለማረጋገጥ የኮከቦቹ ምስል ስፋት በየፎቶው ተለክቶ ከጋላክሲው ግራፍ አጠገብ ይቀመጥ። ሁለቱ አብረው ከወጡና ከወረዱ ጥፋቱ የአየሩ ነው። መፍትሄው የመለኪያውን ክብ ሰፋ አድርጎ በሁሉም ምስሎች ላይ በአንድ መጠን መጠቀም፣ ምስላቸው ከልክ በላይ የሰፋባቸውንም ሰዓታት መጣል ነው። በኤንጂሲ 5548 የሚታየው ብርሃን ለመለወጥ ቀናትና ሳምንታት የሚወስድ ስለሆነ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ታየ የተባለ ትልቅ ለውጥ በራሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። እንደ ቢኤል ላሰርቴ ያሉት ብሌዘሮች (የሚረጩት ጨረር ወደ እኛ ያነጣጠረ ንቁ ጋላክሲዎች) ግን በአንድ ሌሊት ውስጥ በእርግጥ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ሊጠብቅ ይገባል።

ግራፉ እስኪነጋ ድረስ ቀስ ብሎ ሲጎብጥ

ያለ ፊልተር የተነሣ ምስል ላይ ይህ የተለመደ ነው። የንቁ ጋላክሲ እምብርት ወደ ሰማያዊ ሲያደላ የተመረጠው ማነጻጸሪያ ቀላ ያለ ከሆነ፣ ወደ አድማስ ሲቃረቡ ወፍራሙ አየር ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚቀንስ ጋላክሲው የደበዘዘ ይመስላል። ቪ (አረንጓዴ-ቢጫ) ወይም አር (ቀይ) ፊልተር መጠቀም፣ በቀለም የሚቀራረብ ማነጻጸሪያ መምረጥ፣ ከአድማስ በላይ ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን ልኬቱን ማቆም ችግሩን በአብዛኛው ያስወግደዋል።

ግራፉ በድንገት ደረጃ ሲሠራ

ቴሌስኮፑ የሰማዩን መካከለኛ መስመር ሲያልፍ ወደ ሌላው ጎን የሚገለበጥ ከሆነ፣ ዝላዩ የታየበት ደቂቃ ከመገለበጡ ደቂቃ ጋር ይመሳከር። ምስሉ በ180 ዲግሪ ስለሚዞር ኮከቦቹ በካሜራው ሌላ ጥግ ላይ ያርፋሉ፤ አቧራና የሌንስ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ካረፉ ልኬቱ ይዛባል። ፀሐይ እንደጠለቀች ወጥ በሆነው ሰማይ ላይ የማስተካከያ ምስሎችን አንሥቶ የሌሊቱን ምስሎች በእነርሱ ማካፈል ይገባል። ካሜራው በመካከል ከተነቀለ የቀድሞዎቹ ማስተካከያዎች አይሠሩም።

አየሩ በረጋ ቁጥር ጋላክሲው የሚደምቅ ከመሰለ ደግሞ ማነጻጸሪያው ከልክ በላይ ብሩህ ሳይሆን አይቀርም። ባለ 16 ቢት ካሜራ በአንዱ ፒክሰል (የምስሉ ነጥብ) ከ65,535 በላይ መቁጠር ስለማይችል የኮከቡ ብርሃን እዚያ ላይ ይቆረጣል። የፎቶውን ጊዜ ማሳጠር ይበቃል።

ለብቻው የወጣ አንድ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሳተላይት መስመር ወይም የኮስሚክ ጨረር ምት ስለሆነ ምስሉን ከፍቶ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ልኬታችን ከሌሎች ልኬት ጋር በሰዓት ሳይገጥም ሲቀር

ይህ በእኛ አገር ይበልጥ የሚያሰጋ ስህተት ነው። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ባሉበት በእንጦጦ ሆኖ የሚመዘግብ ሰው «ሌሊት 9 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ማለት ነው፤ ቀኑም የሚቀየረው በዚያች ቅጽበት ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት፣ ቀናትን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ የሚቆጥረው የጁሊያን ቀን ቁጥር ግን የሚቀየረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ የእኛ ሌሊት በሙሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይውላል። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ሰዓት በኢንተርኔት ከተስተካከለ በኋላ ካሜራው በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲመዘግብ ማድረግ፣ ግራፉንም በጁሊያን ቀን ቁጥር መሥራት ይሻላል። የተዛባ ሰዓት የያዘ ፋይል ከተገኘ ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፤ እርማቱ በቅጂው ላይ ተሠርቶ ስንት ሰዓት እንደተጨመረ ወይም እንደተቀነሰ አብሮ ይጻፍ።